ፉል ፍሬም ቦዲ ወይስ ጥሩ ሌንስ? ለድሬና ለሐረር ፎቶ አንሺዎች

ድሬዳዋ ውስጥ ፎቶ የሚሠሩ ልጆች በተገናኙ ቁጥር አንድ ክርክር አይቀርም። ክሮፕ ካሜራዬን ሸጬ፣ ትንሽ ጨምሬበት፣ ያገለገለ ፉል ፍሬም ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ክሮፕ የሚባለው ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል፣ አነስ ያለ ካሜራ ነው፣ ፉል ፍሬም ደግሞ ሴንሰሩ ሰፊ የሆነው። ሐረርም ብትሄዱ ያው ነው። የሰርግ ደንበኞችም ለምደውታል፣ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት «ካሜራው ፉል ፍሬም ነው?» ይላሉ።

ክርክሩ አሁን የጦፈበት ምክንያት አለው። ካኖንም ኒኮንም ወደ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ከዞሩ ወዲህ የድሮዎቹ ባለመስታወት ፉል ፍሬሞች፣ ማለትም ዲኤስኤልአሮች፣ እነ ካኖን 6ዲ፣ እነ 5ዲ ማርክ 3፣ እነ ኒኮን ዲ750፣ ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ነው። በሌላ በኩል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፣ አዲስ ካሜራ የመግዛት ሐሳብም ለብዙ ሰው እዚያው ላይ ቆመ። ስለዚህ ሰው ያጠራቀማትን ገንዘብ የሚያወጣት አንድ ጊዜ ነው። ከተሳሳተ ቶሎ የሚያርምበት ሌላ ገንዘብ የለውም። ዘርዝሬ የምጽፈው ለዚህ ነው።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ፉል ፍሬም እውነተኛ ጥቅም አለው። ጥቅሙ የሚታየው ግን ብርሃን ሲያንስ ነው፣ ያውም ሰፋ ብሎ የሚከፈት ሌንስ ሲኖራችሁ። ጥሩ ሌንስ የሌለው ሰው ገንዘቡን ሁሉ ቦዲ (ያለ ሌንስ ካሜራው ራሱ) ላይ ሲያፈስ ሳይ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ፎቶ ከድሮው ብዙም አይለይም።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ፉል ፍሬም ሴንሰር 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፣ የድሮው የ35 ሚሊሜትር ፊልም ልክ። ክሮፕ የምንለው በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂፊልም 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የካኖኑ ትንሽ ያንሳል፣ 22.3 በ14.9። በስፋት ሲሰላ ፉል ፍሬሙ 864 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። የኒኮኑ ክሮፕ 367 ገደማ፣ የካኖኑ ደግሞ 332 ነው። እንግዲህ ፉል ፍሬም ከክሮፕ ከ2.3 እስከ 2.6 እጥፍ ይሰፋል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ከታች የሚመጣው አብዛኛው ነገር ከዚህ ነው የሚወጣው።

ሪዞሉሽን ላይ እንሂድ። ብዙ ሰው ፉል ፍሬም ማለት ሪዞሉሽን (የፎቶው የነጥብ ብዛት) ይመስለዋል። አንድ ሜጋፒክስል አንድ ሚሊዮን ነጥብ ነው። 24 ሜጋፒክስል ግን የትኛውም ሴንሰር ላይ 24 ሜጋፒክስል ነው። ካኖን 200ዲ ክሮፕ ነው፣ 24.2 ሜጋፒክስል አለው። ሶኒ ኤ7 3 ፉል ፍሬም ነው፣ እሱም 24.2። ሁለቱም የሚሰጡት ፎቶ 6000 በ4000 ነጥብ ነው። እንዲያውም 5ዲ ማርክ 3 22.3 ሜጋፒክስል ነው፣ የመጀመሪያው 6ዲ ደግሞ 20.2። 200ዲውን ሸጦ 6ዲ የገዛ ልጅ በነጥብ ብዛት ወደ ታች ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡትን ክሮፕ ካሜራዎች ብታዩ የፉጂፊልሙ ኤክስ-ቲ5 40 ሜጋፒክስል፣ የካኖኑ አር7 32.5 ሜጋፒክስል ናቸው።

ታዲያ የፉል ፍሬም ፎቶ ለምን ብዙ ጊዜ ሻርፕ (ጥርት ያለ) ሆኖ ይታያል? ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ነው፣ መልሱም ሌንሱ ጋ ነው። ማንኛውም ሌንስ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ መሳል የሚችለው ዝርዝር ገደብ አለው። አንድን ፎቶ 30 ሳንቲሜትር ቁመት አድርጋችሁ ስታትሙ፣ የፉል ፍሬሙ ምስል ከ24 ሚሊሜትር ተነስቶ 12.5 ጊዜ ይተልቃል። የካኖን ክሮፑ ግን ከ15 ሚሊሜትር ስለሚነሳ 20 ጊዜ መተለቅ አለበት። የሌንሱ ድክመት፣ የፎከስ ስህተት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ሁሉም አብሮ 20 ጊዜ ይተልቃል። ለዚህ ነው ክሮፕ ካሜራ ከፉል ፍሬም ይልቅ ጥሩ ሌንስ የሚፈልገው። እኛ ጋ የሚደረገው ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ክሮፕ የያዘ ሰው ከካሜራው ጋር በመጣችው 18-55 ሌንስ ዓመታት ይሠራባትና በመጨረሻ ሴንሰሩን ይወቅሳል። አንድ ጊዜ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ግጠሙና ኤፍ 4 ላይ አድርጋችሁ አንሱ (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ ብሎ ይከፈታል)። የሰውየው ዓይን ሽፋሽፍት ላይ ልዩነቱን ታዩታላችሁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሴንሰር እናወራለን።

ለመሆኑ ስንት ሜጋፒክስል ነው የሚያስፈልገን? የሰርግ አልበም 30 በ45 ሳንቲሜትር ነው እንበል። የድሮዋ ካኖን 700ዲ፣ ያቺ የ18 ሜጋፒክስሏ፣ በዚህ ልክ ስታትሙባት በአንድ ኢንች 293 ገደማ ነጥብ ትሰጣለች። ማተሚያ ቤት የሚጠይቀው 300 ነው። ያቺን ልዩነት በዓይን የሚለይ ሰው የለም። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 60 በ90 ካንቫስ ቢሆን እንኳ 24 ሜጋፒክስል በኢንች 170 አካባቢ ነጥብ ይሰጣል፣ ሰው ካንቫስን ራቅ ብሎ ስለሚያይ በቂ ነው። ከዚህ በላይ የሚፈልግ የቢልቦርድ ወይም ፎቶውን በኃይል ቆርጦ የሚጠቀም ሰው ነው።

ይህም ፎቶው ከታተመ ነው። አብዛኛው ሥራችን ዛሬ የሚሄደው በቴሌግራም ነው። ፎቶን በተለመደው መንገድ ስትልኩት ቴሌግራም ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ነጥብ ያወርደዋል፣ ይህ ማለት ከ24 ሚሊዮን ነጥብ ውስጥ ደንበኛው ጋ የሚደርሰው አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው። የ61 ሜጋፒክስሉን ሶኒ ኤ7አር 5ን ይዛችሁ ብትሠሩም ያው አንድ ሚሊዮን። እባካችሁ እንደ ፋይል ላኩ። ይህች አንዲት ነገር ቦዲ ከመቀየር የበለጠ ሪዞሉሽን ታተርፍላችኋለች።

እዚህ ላይ ሐረርን የሚያውቅ ሰው አንድ ታሪክ ያስታውሳል። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ሐረር እያለ ካሜራ አስመጥቶ የራሱን ፎቶ አንስቷል፣ ለቤተሰቡም ልኳል። የዚያ ዘመን የመስታወት ፕሌት ከዛሬው ፉል ፍሬም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ፎቶዎቹ ግን ነጥተው ነው የደረሱት፣ እሱም ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለነበር እንደሆነ ጽፎላቸዋል። የፎቶ ጥራት ከሌንስ እስከ ደንበኛው እጅ ድረስ ያለ መንገድ ነው፣ ከመንገዱ አንዱ ቦታ ከተበላሸ ሰፊው ሴንሰር አያድነውም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ብርሃን ነው።

ሁለቱንም ካሜራ በአንድ ዓይነት አይኤስኦ (ካሜራው ፎቶውን የሚያደምቅበት መጠን)፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እና አፐርቸር (የሌንሱ መከፈቻ፣ የኤፍ ቁጥሩ) ስታነሱ ፎቶው እኩል ብሩህ ይሆናል። ግን ፉል ፍሬሙ ስለሚሰፋ በጠቅላላው የሰበሰበው ብርሃን ከ2.3 እስከ 2.6 እጥፍ ነው። ኖይዝ (ፎቶውን የሚያሻክረው ነቁጥ) የሚያንሰው ከዚህ የተነሳ ነው። በፎቶ አንሺ ቋንቋ ልዩነቱ ከአንድ ስቶፕ ትንሽ ከፍ ይላል፣ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው። በተግባር እንዲህ ነው፦ አንድ ዘመን ላይ የተሠሩ ካሜራዎች ከሆኑ፣ ክሮፑ አይኤስኦ 2500 ላይ የሚያሳየውን ኖይዝ ፉል ፍሬሙ 6400 አካባቢ ላይ ነው የሚያሳየው። ጥሩ ጥቅም ነው። ተአምር ግን አይደለም፣ ሰው እንደሚያወራለት አራትና አምስት ስቶፕ አይሆንም።

ድሬ ላይ ቀትር ስትሠሩ ይህ ጥቅም የት አለ? የትም። ከዚራ ዛፎቹ ሥር ይሁን ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት፣ ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ አይኤስኦ 100 ወይም 200 ላይ ናችሁ። እዚያ ላይ ሁለቱም ካሜራ ንጹህ ፎቶ ይሰጣሉ። የቀን ቅድመ ሰርግ ፎቶ፣ የምርቃት ፎቶ፣ የሱቅ ዕቃ ፎቶ በፍላሽ፣ እነዚህን ብቻ የሚሠራ ሰው ለኖይዝ ብሎ ፉል ፍሬም መግዛት የለበትም።

ሐረር ጁገል ውስጥ ግባና ነገሩ ይለወጣል። የጥንቱ የሐረሪ ቤት፣ ጌ ጋር የሚባለው፣ ብርሃን የሚያገኘው በአብዛኛው ከበሩ ነው። ወለሉ ቀይ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደረው ሰፌድና ሳህን በቀለም የተሞላ፣ ሰው ደግሞ ከፍና ዝቅ ባሉት ነደባዎች (መደቦች) ላይ ተቀምጧል። ቆንጆ ነው፣ ግን ጨለማ ነው። ፍላሽ ከፊት ከተለቀቀበት ያ ሁሉ ድባብ ይሞታል። እዚህ ኤፍ 2.8፣ ሻተር 1/125፣ አይኤስኦ 6400 ላይ ስትሆኑ ፉል ፍሬም የያዘ ሰው ፎቶው ላይ የቆዳው ቀለም ይቆማል፣ የክሮፑ ላይ ደግሞ ጥላው ውስጥ ያለው ፊት መሻከር ይጀምራል። ለዚህ ሥራ ፉል ፍሬም ይገባዋል። በሙሉ ልቤ ነው የምለው።

ግን እዚያው ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። ነደባው ላይ የተቀመጡት አባቶች አንዱ ከፊት ነው፣ ሌላው ከኋላና ከፍ ብሎ። ሁሉም በፎከስ ውስጥ እንዲሆኑ ትፈልጋላችሁ። አንድ ዓይነት እይታ ይዛችሁ በአንድ አፐርቸር ስታነሱ ፉል ፍሬሙ ላይ የፎከሱ ጥልቀት ይቀንሳል፣ የፊተኛው ሰው ሻርፕ ሆኖ የኋለኛው ይደበዝዛል። ክሮፑ በኤፍ 2.8 የሚሰጠውን ጥልቀት ለማግኘት ፉል ፍሬሙን ወደ ኤፍ 4.5 መዝጋት አለባችሁ። ስትዘጉት ብርሃኑ ይቀንሳል። ሻተሩን ማዘግየት አትችሉም፣ ሰው ይንቀሳቀሳል። የቀረው አይኤስኦ መጨመር ነው። ክሮፑ 2500 ላይ የሠራውን ፉል ፍሬሙ 6400 ላይ ይሠራዋል። ከላይ ደግሞ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች እኩል ኖይዝ እንዳላቸው አይተናል። ስለዚህ ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው! አንዱ ግን ከባድና ውድ በሆነ ካሜራ የተነሳ ነው።

የሰርግ የቤተሰብ ፎቶም ይኸው ነው። ሦስት ረድፍ ዘመድ አቁማችሁ ማታ አዳራሽ ውስጥ ስታነሱ፣ ፉል ፍሬሙ ኤፍ 5.6 የሚጠይቃችሁን ክሮፑ በኤፍ 3.5 ይጨርሰዋል። የፉል ፍሬም ጥቅም እጃችሁ የሚገባው ጥልቀት የሌለውን ፎከስ ስትቀበሉ ነው፦ አንድ ሰው፣ ሁለት ሰው፣ የሙሽራዋ ዓይን፣ ጀርባው ሙሉ በሙሉ የደበዘዘ። ሐረር ማታ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበላውን ሰው በመኪና መብራት ስታነሱም እንዲሁ ነው። ሌንሱን እስከ ኤፍ 1.8 ከከፈታችሁት ፉል ፍሬሙ ፎቶውን ያጸዳላችኋል፣ ግን ወይ ሰውየው ወይ ጅቡ ከፎከስ ይወጣል። ሁለቱም ሻርፕ ይሁኑ ካላችሁ ትዘጉታላችሁ፣ ጥቅሙም አብሮ ይሄዳል።

ሌላው ደግሞ የሴንሰር ዘመን ነው። ይህ እኛ ጋ በጣም ይረሳል። ነጭ ነጠላ የለበሰችን ጠይም ሴት በድሬ ፀሐይ አንሱ። ነጠላው እንዳይቃጠል ብላችሁ ስታጨልሙት ፊቷ ጥላ ውስጥ ይገባል፣ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ከፍ ማድረግ አለባችሁ። ያኔ የሚያስፈልገው ዳይናሚክ ሬንጅ ነው፣ ማለትም ካሜራው በአንድ ፎቶ ከደማቁ እስከ ጨለማው የሚይዘው ስፋት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ፉል ፍሬም ሆኖ ካሜራ የሚፈትነው ዲኤክስኦማርክ በለካው መሠረት ዝቅተኛ አይኤስኦ ላይ 11.7 ስቶፕ ነው የሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ክሮፕ ኒኮን ዲ7200 ደግሞ 14.6። ክሮፑ ፉል ፍሬሙን ወደ ሦስት ስቶፕ በለጠው ማለት ነው! 5ዲው ላይ ጥላውን ስትከፍቱ ኖይዝና መስመር ይወጣባችኋል፣ ዲ7200ው ላይ ግን ፊቷ ንጹህ ሆኖ ይመጣል። አይኤስኦ ከፍ ሲል 5ዲው መልሶ ይበልጣል፣ ይህም መነገር አለበት። ግን ቀን የሚሠራ ሰው ዲ7200ውን ሸጦ 5ዲ ማርክ 3 ቢገዛ ተጎድቷል። እና አቦ፣ ስም አትግዙ።

ወደ ኳስ ሜዳ ስንሄድ ክሮፕ ያሸንፋል። ድሬዳዋ ስታዲየም ከመስመሩ ጀርባ ሆናችሁ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ስትሠሩ፣ ክሮፑ የ300 ወይም የ320 ያህል ያቀርብላችኋል፣ 24 ሜጋፒክስሉንም ሙሉ በተጫዋቹ ላይ ያውለዋል። በ24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ያንኑ እይታ ለማግኘት ፎቶውን ስትቆርጡት የሚቀራችሁ 10 ሜጋፒክስል አካባቢ ነው። ወፍና አውሬ የሚያነሳም ሰው እንዲሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ከቀትር በኋላ በድሬ ሙቀት ራቅ ያለን ነገር በረጅም ሌንስ ስታነሱ መሬቱ ላይ የሚንቀጠቀጠው አየር ፎቶውን ያፈርሰዋል። ያኔ ፎከሱ የሳተ ይመስላችኋል። አልሳተም፣ አየሩ ነው። የትኛውም ሴንሰር አያስተካክለውም፣ ጠዋት ቀድማችሁ ውጡ።

ወጪውን በደንብ እናስብ፣ ልጆች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። ለክሮፕ የተሠራው የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ ጭራሽ አይገባም። የኒኮኑ የክሮፕ ሌንስ፣ ዲኤክስ፣ ይገባል፣ ግን ካሜራው ራሱ ፎቶውን ይቆርጠዋል፣ ዲ750 ላይ 10 ሜጋፒክስል አካባቢ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ቦዲ ቀየርኩ ያለ ሰው ሌንሶቹንም መቀየር አለበት። የፉል ፍሬም ሌንስ ደግሞ ውድና ከባድ ነው። አንድ ፋብሪካ የሠራቸውን ሁለት ሌንሶች እዩ፤ ሲግማ ለክሮፕ የሠራው 18-50 ኤፍ 2.8 እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ 549 ዶላር ነበር፣ ክብደቱም 290 ግራም። ለፉል ፍሬም የሠራው 24-70 ኤፍ 2.8 እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 1,099 ዶላር፣ ክብደቱ ከ800 ግራም በላይ። እጥፍ ዋጋ፣ ወደ ሦስት እጥፍ ክብደት። ያንን ይዞ ከጠዋት እስከ ሌሊት ሰርግ ላይ መቆም ሌላ ጉዳይ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው። ልጁ ገንዘቡን አሟጦ ፉል ፍሬም ቦዲ ይገዛል፣ ለሌንስ አይተርፈውም። ከዚያ ኤፍ 4-5.6 የሆነ የድሮ ዙም ሌንስ ይገጥምበታል። ጓደኛው ክሮፕ ላይ ኤፍ 2.8 ይዞ ቆሟል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ዙሙን ወደ ፊት ሲያቀርበው ኤፍ 5.6 ከኤፍ 2.8 ሁለት ስቶፕ ብርሃን ያጣል፣ ፉል ፍሬሙ የሰጠው ደግሞ አንድ ስቶፕ ከምናምን ነው። በጨለማው አዳራሽ ውስጥ የተሻለ ፎቶ የሚያነሳው ባለክሮፑ ነው። ጀርባ ማደብዘዙም እንዲሁ።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ልዩነቱን ያጠበበ ነገር መጥቷል፣ የኖይዝ ማጥፊያ ሶፍትዌር። የፎቶ ማስተካከያው ላይትሩም እ.ኤ.አ. በ2023 ያመጣው ዲኖይዝ በሮው (ካሜራው ሳይጨምቀውና ሳያስተካክለው በሚያስቀምጠው ፋይል) የተነሳን የክሮፕ ፎቶ አይኤስኦ 6400 ላይ እንኳ በጣም ያጸዳዋል። ጥሩ ግራፊክስ ካርድ ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል፣ ያለዚያ እያንዳንዱ ፎቶ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ስምንት መቶ የሰርግ ፎቶ ማሳለፍ ከባድ ነው። ቢሆንም ለተመረጡት ለአልበም ፎቶዎች በቂ ነው። በጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ በሚሰጠው የተለመደ ፋይል) ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይህ አይጠቅማችሁም፣ ዛሬውኑ ወደ ሮው ቀይሩ።

እንግዲህ ለማን ምን ይሻላል ብትሉኝ፣ ዋና ሥራው የማታ ሰርግና የቤት ውስጥ ዝግጅት ሆኖ ኤፍ 1.8 ወይም ኤፍ 2.8 ሌንስ አስቀድሞ ያለው ሰው ፉል ፍሬም ይግዛ፣ ገንዘቡ ይመለስለታል። ቀን የሚሠራ፣ ኳስ የሚያነሳ፣ ለቴሌግራምና ለኢንስታግራም የሚሠራ፣ ወይም እስካሁን 18-55 ብቻ ያለው ሰው፣ ክሮፑን ይያዝና ሌንስና አንድ ፍላሽ ይግዛ። እጁ ላይ በጣም ያረጀ ክሮፕ ካለ ደግሞ አዲስ ዘመን ክሮፕ ከድሮ ፉል ፍሬም ጋር አወዳድሮ ይወስን።

ፉል ፍሬም ለመግዛት ወስናችሁ የድሬው ታይዋን ገበያም ሆነ ሰው ቤት ስትሄዱ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የራሳችሁን ሌንስ፣ የራሳችሁን ሜሞሪ ካርድ ያዙ። ስንት ጊዜ እንደተነሳበት ጠይቁ፣ የ6ዲ ሻተር ለ100 ሺህ፣ የ5ዲ ማርክ 3 ለ150 ሺህ ፎቶ ነው የተሠራው፣ የሰርግ ካሜራ ደግሞ ይህን ቶሎ ይሞላል። ውጡና ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ባዶ ሰማይ አንሱ፣ የድሬ አቧራ ሴንሰሩ ላይ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነጥቡ ከጸዳ የሚለቅ አቧራ ነው ወይስ ጭረት፣ ሻጩ ፊት ለፊት አስጠርጋችሁ እንደገና አንሱ። ከዚያ ወደ ውስጥ ግቡና ጨለማ ጥግ ፈልጉ፣ አይኤስኦ 6400 ላይ የጓደኛችሁን ፊት አንሱ። ያንኑ ፊት በያዛችሁት ክሮፕ ካሜራም በዚያው አይኤስኦ ድገሙት። ሁለቱን ፎቶ ቤት ወስዳችሁ በትልቅ ስክሪን እዩና ብሩን በማግስቱ ክፈሉ።